መጥሪያው ደርሶኛል፤ ምን ይዤ ልቅረብ?

አንዲት የአዳማ ነዋሪ የሆኑ አንባቢያችን የላኩልን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከአንዲት የቅርብ ወዳጄ 150,000 ብር ተበድሬ ውል ፈርሜያለሁ። ከዚያ ውስጥ 70,000 ብር በባንክ፣ 20,000 ብር ደግሞ በእጇ መልሼላታለሁ፤ በእጇ ስሰጣት ጎረቤቴ አይታለች። ሥራ ቀዝቅዞብኝ ቀሪውን ሳዘገይባት ተቀያየምን፤ አሁን 150,000 ብሩን እንዳለ ጠይቃ ከሳኛለች። መጥሪያው በኦሮምኛ የተጻፈ ነው፤ እኔ ደግሞ ኦሮምኛ የማውቀው ለገበያ ያህል ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ደርሼ አላውቅም። ወንድሜ ‹ካልቀረብሽ ሊፈርዱብሽ አይችሉም፣ አትሂጂ፤ ካልሆነም እኔ ልሂድልሽ› ይለኛል። ሽማግሌዎችም ‹እኛ እንጨርሰዋለን፣ አታስቢ› ብለውኛል። ዳኛ ፊት ቆሜ ምን እላለሁ? ያስሩኝ ይሆን?»

ውድ ጠያቂያችን፣

እንቅልፍ የነሳዎት የመጨረሻው ጥያቄ ሳይሆን አይቀርምና ከእሱ ልጀምር። የቀረበብዎ የፍትሐ ብሔር ክስ እንጂ የወንጀል ክስ አይደለም፤ ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ፖሊስ የሚይዝዎ ወይም ዋስ ጥሪ የሚልዎ ሰው የለም። በዚያ ቀን ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ወዳጅዎ ለጠየቀችው ገንዘብ እርስዎ ምን መልስ እንዳለዎት ማወቅ ብቻ ነው። ዳኛ ፊት መናገሩ እንዳስፈራዎት ይገባኛል፤ ነገር ግን ይህን መሰል ክርክር የሚሸነፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚሸነፉት ንግግር ስላላወቁ ሳይሆን ከቀጠሮው ቀን በፊት በጽሑፍ ማቅረብ የነበረባቸውን ሳያቀርቡ በመቅረታቸው ወይም ስማቸው ሲጠራ ባለመገኘታቸው ነው።

ወንድምዎ የነገሩዎት ነገር ብዙ ሰው ያከሰረ ምክር ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም የምንሠራበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በቁጥር 70 እንደሚለው፣ መጥሪያ በትክክል ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ያ ማለት ወዳጅዎ ውሉን ይዛ ትቀርባለች፣ የከፈሉትን 90,000 ብር የሚያነሳ ሰው አይኖርም፣ ፍርድ ቤቱም በፊቱ ባለው ወረቀት ላይ ተመሥርቶ ሙሉውን 150,000 ብር ከወጪና ኪሳራ ጋር እንዲከፍሉ ሊፈርድ ይችላል። በሌሉበት የተሰጠ ፍርድ እንዲነሳ ማመልከት የሚቻል ቢሆንም፣ ይህን ማድረግ የሚችሉት ፍርዱን ባወቁ በአንድ ወር ውስጥ ነው፤ መጥሪያ በአግባቡ እንዳልደረሰዎት ወይም በቂ በሆነ እክል እንዳልቀረቡም ማስረዳት ይኖርብዎታል። «ወንድሜ አትሂጂ ብሎኝ ነው» የሚለው ቃል በቂ እክል ተብሎ ሲመዘገብ አላየሁም።

አሁን መጥሪያውን ያውጡና አብረን እንየው። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ በመሆኑ መጥሪያውም መዝገቡም በዚያው ቋንቋ ነው፤ ቢሆንም ጥቂት ቃላትን ካወቁ ዋናውን ነገር ራስዎ ማግኘት ይችላሉ። ከላይ «ማና ሙርቲ» የሚለው ፍርድ ቤት ማለት ሲሆን፣ ከእሱ ቀጥሎ የወረዳ ይሁን የከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚለውን በጥንቃቄ ያንብቡ፤ አዳማ ውስጥ ከአንድ በላይ ፍርድ ቤት ስላለ በተሳሳተ ግቢ ተቀምጠው ሲጠብቁ ቀጠሮው ሊያልፍብዎ ይችላል። «ገልሜ» መዝገብ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቁጥር በሄዱበት ሁሉ የሚጠየቁት ስለሆነ በወረቀት ገልብጠው ቦርሳዎ ውስጥ ያኑሩት። «ሂመታ» ከሳሽ፣ «ሂመተማ» ተከሳሽ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የአንዲት ፊደል ያህል ብቻ በመሆኑ ስምዎ ከየትኛው ትይዩ እንደተጻፈ ይለዩ። «ቤለማ» ቀጠሮ ነው። «ዴቢ» የሚል ቃል ከአንድ ቀን ጋር ተጽፎ ካገኙ ደግሞ እሱን ከሁሉ አስበልጠው ይዩት፤ መልስ ማለት ነውና የጽሑፍ መልስዎን ማስገባት ያለብዎትን ቀን ይነግርዎታል። አንዳንድ መጥሪያ ላይ የመልስ ማስገቢያው ቀንና ክርክሩ የሚሰማበት ቀን የተለያዩ ናቸው፤ ሁለተኛውን ብቻ አይተው የመጀመሪያውን ያሳለፉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ጥርጣሬ ካለዎት ነገውኑ ወደ ፍርድ ቤቱ ሬጅስትራር ሄደው ይጠይቁ፤ ለመጠየቅ ክፍያ የለውም።

ከመጥሪያው ጋር የክሱ አቤቱታና የማስረጃዎቹ ግልባጭ ተያይዘው ሊደርሱዎት ይገባል። ካልደረሱዎት መዝገብ ቤት ሄደው እንዲሰጡዎት ያመልክቱ፤ ምን እንደተባለብዎ ሳያነቡ መልስ መጻፍ አይቻልም።

የጉዳይዎ እምብርት የጽሑፍ መልስዎ ነው። ሕጉ ተከሳሽ ክሱን በደፈናው «አልቀበልም» ብሎ እንዲያልፈው አይፈቅድም፤ በክሱ የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ነገር ለይቶ ማመን ወይም መካድ አለበት፤ ለይቶ ያልካደው ነገርም እንዳመነው ሊቆጠርበት ይችላል። በእርስዎ ጉዳይ መልሱ ግልጽ ነው፦ 150,000 ብር መበደርዎን ያምናሉ፣ 90,000 ብር መመለስዎን መቼና እንዴት እንደሆነ ቀን በቀን ይዘረዝራሉ፣ ቀሪው 60,000 ብር ብቻ መሆኑን ይገልጻሉ። እዚህ ላይ ሳልደብቅ የምነግርዎ ነገር አለ፤ ባመኑት 60,000 ብር ላይ ፍርድ ቤቱ ሌላ ማስረጃ ሳይሰማ ፍርድ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ይህን ገንዘብ በምን ያህል ጊዜ መክፈል እንደሚችሉ ከወዲሁ ቢያሰሉት ይሻላል። ሆኖም ያለብዎትን ዕዳ ክደው ውሉ ሲወጣ ከመዋረድ ይህ እጅግ ይመረጣል።

ማስረጃውን በተመለከተ ሁለቱ ክፍያዎችዎ እኩል አይደሉም፤ ምክንያቱን ማወቅ አለብዎት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል፣ ወይም በፍርድ ቤት በተፈጸመ መሐላ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል፤ ብድሩ መመለሱን ለማስረዳትም የሚሠራው ይኸው ደንብ ነው። 500 ብር ሕጉ በወጣበት ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ትንሽ ገንዘብ ቢሆንም ደንቡ እንዳለ ነው። በዚህ መሠረት በባንክ የላኩት 70,000 ብር የጽሑፍ ዱካ ስላለው ባንክዎ ሄደው የላኩባቸውን ቀናት የሚያሳይ፣ ማኅተም ያረፈበት የሂሳብ መግለጫ ያስወጡ፤ የላኩት በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ከሆነም ደረሰኙን ያሳትሙ። ወዳጅዎ «ያ የሌላ ሒሳብ ነው» ልትል ትችላለችና በመካከላችሁ ሌላ የገንዘብ ግንኙነት አለመኖሩን በመልስዎ ላይ መጻፍ አይርሱ።

የሚያሳስበኝ በእጅ የሰጡት 20,000 ብር ነው። ጎረቤትዎ አይታለች፤ ጎረቤትዎ እውነተኛ ሰው ናት ብዬም አምናለሁ፤ ነገር ግን ከላይ በጠቀስኩት ደንብ ምክንያት የምስክር ቃል ብቻውን ይህን ክፍያ ላያስረዳልዎ ይችላል። እንግዲህ ወረቀት ፍለጋ ይግቡ። ወዳጅዎ ገንዘቡን ስትቀበል በውሉ ጀርባ ወይም በደብተር ላይ «ይህን ያህል ተቀብያለሁ» ብላ ፈርማ እንደሆነ ያስታውሱ። ስልክዎን ከፍተው የዚያን ሰሞን መልእክቶች አንድ በአንድ ይዩ፤ «ሃያው ደርሶኛል፣ ቀሪውን ለፋሲካ» የምትል አንዲት አጭር መልእክት ከአምስት ምስክር ትበልጥልዎታለች። እንዲህ ያለ መልእክት ካገኙ አያጥፉት፣ ስልኩንም አይቀይሩ፤ አሳትመው ከመልስዎ ጋር ያያይዙትና ስልኩን ራሱን በቀጠሮው ቀን ይዘው ይቅረቡ። ምንም ካልተገኘ ሕጉ የተወው በር የእምነት ቃልና መሐላ ነው፤ በመልስዎ መጨረሻ ከሳሽ ራሷ በአካል ቀርባ 20,000 ብር መቀበል አለመቀበሏን በችሎት እንድትጠየቅ ያመልክቱ። ለብቻ ሲሆኑ የሚክድ ሰው ሁሉ ዳኛ ፊት ቆሞ አይክድም።

ያለዎትን ማስረጃ ሁሉ፣ የሰነዱንም የምስክሩንም፣ ከመልሱ ጋር በዝርዝር ማቅረብ ግዴታ ነው። «በኋላ አመጣለሁ» ብለው ያስቀሩትን ሰነድ፣ በቂ ምክንያት ካላሳዩ በስተቀር፣ ፍርድ ቤቱ ላይቀበለው ይችላል። ዋናውን ቤትዎ ሳይተዉ ይዘው ይቅረቡ፤ የሚያያይዙት ግን ግልባጩን ነው፣ ለፍርድ ቤቱም ለከሳሽም በሚበቃ ቁጥር።

መልሱ በኦሮምኛ መጻፍ ስላለበት ጠበቃ ካልያዙ ወደ ራፖር ጸሐፊ፣ ማለትም ማመልከቻ በክፍያ ወደሚጽፍ ሰው፣ መሄድዎ አይቀርም። በዚህ ላይ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት የጽሑፍ መልሳቸውን ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። በቃል የሚነግሩኝ ግማሹን ዕዳ መክፈላቸውን ነው፤ ጣታቸውን ያሳረፉበት ወረቀት ግን «ከከሳሽ ምንም ገንዘብ አልተበደርኩም» ይላል። የጻፈላቸው ሰው ለተከሳሽ ሁሉ የሚጽፈውን የተለመደ አነጋገር ገልብጦ ነበር። ከክሱ ጋር የተያያዘው ውል ላይ ግን የእሳቸው ፊርማ በግልጽ ይታያል። መልሱ ገና አልገባም ነበርና ተስተካከለ፤ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቋቸው «ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?» የሚለውን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ ክፍያው የሚናገሩትን ሁሉ ማን ያምናቸው ነበር? ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ፣ ጽሑፉን ያልጻፈ ሌላ ሰው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ወደ አማርኛ እየተረጎመ ያንብብልዎት። ቁጥሮቹንና ቀኖቹን ደግሞ ራስዎ ያረጋግጡ፤ አኃዝ ማስተርጎም አያስፈልገውም።

ወንድምዎ እርስዎን ተክቶ መቅረብ ይችላል ወይ ለሚለው፣ ጓደኛና ጎረቤት ሊከራከርልዎ ባይችልም ወንድም በሕግ አግባብ የተረጋገጠ ውክልና ከያዘ ሊከራከር ይችላል፤ ፈቃድ ያለው ጠበቃም እንዲሁ። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ አልመክርዎትም። ዳኛው በመጀመሪያው ቀን ተከራካሪዎችን የሚጠይቀው ነገሩን ለመለየትና ጭብጥ፣ ማለትም ሁለታችሁ የማትስማሙበትን ነጥብ፣ ለመያዝ ነው፤ ገንዘቡን የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን ባለበት እንደሰጡ የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ደግሞም «አትሂጂ» ያለዎትን ሰው «ሂድልኝ» ማለት ትንሽ ይከብዳል።

የሽማግሌዎቹን ነገር በበጎ አየዋለሁ። የወዳጅ ዕዳ በሽምግልና ቢያልቅ ከፍርድ ይሻላል፣ 60,000 ብሩንም በየወሩ ለመክፈል መስማማት የሚቻለው በዚያ መንገድ ነው። ሕጉም ተከራካሪዎች ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በማናቸውም ጊዜ እንዲስማሙ ይፈቅዳል። ነገር ግን ስምምነቱ በጽሑፍ ሆኖ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት፣ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ በመዝገቡ ላይ እስካልሰፈረ ድረስ ክሱ እንዳለ ነው። ሽማግሌዎቹ «ተነጋግረናል፣ ክሱን ታነሳዋለች» ቢሉዎት እንኳ በቀጠሮው ቀን ይቅረቡ። አንዳንዴ ከሳሽም ከልቧ ልታነሳው አስባ ትረሳዋለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ቤተሰቧ ሐሳቧን ያስለውጣታል፤ በሁለቱም መንገድ ችሎት ላይ «ተከሳሽ የለም» የሚባልብዎ እርስዎ ነዎት። ሽምግልናው የመልስ ማስገቢያውንም ቀን አያራዝምልዎትም።

ወደ ቀኑ እንምጣ። መጥሪያው «3 ሰዓት» ካለ በ2 ሰዓት ተኩል ግቢው ውስጥ ይሁኑ። በዚያው ሰዓት የተቀጠሩት እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ ብዙ መዝገብ ለአንድ ሰዓት ስለሚቀጠር ተራዎ እስከ እኩለ ቀን ሊቆይ ይችላል። የዕለቱ መዝገቦች ዝርዝር በችሎቱ በር ላይ ተለጥፎ ከሆነ የመዝገብ ቁጥርዎን ይፈልጉ፤ ካልተለጠፈ ችሎት አስተናጋጁን ጠይቀው መድረስዎን ያሳውቁ። ውሃና የሚቀመስ ነገር ይያዙ፤ የአዳማን ሙቀት ያውቁታል። ሰው በብዛት የሚሳሳተው «ገና ነው» ብሎ ቡና ሊጠጣ ሲወጣ ነው፤ ስም የሚጠራው በኦሮምኛ አነጋገር፣ አንዳንዴም በፍጥነት ስለሆነ ከበሩ አይራቁ። የኪራይ ባጃጅ አስቁመው አይግቡ፣ ሐሳብዎ ይከፈላል። መታወቂያዎን ይያዙ፣ በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ስልክዎንም ችሎት ሲገቡ ያጥፉ። ጎረቤትዎን በዚህ ቀን ማስከተል አያስፈልግም፤ ምስክር የሚሰማው ፍርድ ቤቱ ጭብጥ ይዞ ለዚያ ከቀጠረ በኋላ ነው፣ ያኔም ተራዋ እስኪደርስ ውጭ ትቆያለች እንጂ የእርስዎን ክርክር አትሰማም።

አለባበስን በተመለከተ ነጠላዎ በቂ ነው።

ስምዎ ሲጠራ ገብተው ቆመው፣ ከሁሉ በፊት የሚናገሩት አንድ ነገር ይሁን፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ኦሮምኛ አጥርቼ ስለማላውቅ አስተርጓሚ እንዲመደብልኝ እጠይቃለሁ።» ይህን ለመጠየቅ አይፍሩ፣ የሚያሳፍርም አይደለም። ለገበያ የሚበቃውን ኦሮምኛዎን ለገበያው ይተዉት፤ ዋጋ ሲከራከሩ የተሳሳተች ቃል ታስቃለች እንጂ አትጎዳም፣ ችሎት ላይ ግን የተመዘገበው የተናገሩት ቃል ነው፣ ያሰቡት አይደለም። «ከፍያለሁ» እና «እከፍላለሁ» በጭንቀት መካከል ቢምታቱብዎ መዝገቡ አያዝንልዎትም። በአስተርጓሚ ሲናገሩ አጭር አጭር አድርገው ይናገሩ፣ እሱ ሲጨርስ ይቀጥሉ። ያልገባዎት ጥያቄ ካለ «አልገባኝም፣ ይደገምልኝ» ይበሉ፤ ባልገባ ጥያቄ ላይ ራስ መነቅነቅ መልስ ሆኖ ሊጻፍ ይችላል።

የሚናገሩት ለዳኛው ነው። ወዳጅዎ እውነት ያልሆነ ነገር ብትናገርም ወደ እሷ ዞረው አይመልሱ፣ አይቆጡ፣ «እግዜር ይፍረድ» ብለውም አይርገሙ፤ ተራዎ ሲደርስ «የተባለው ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱም» ብለው ይጀምሩ። ችሎት መረበሽና ዳኛን መድፈር በራሱ የሚያስቀጣ ነገር ነው፤ ካሰቡት እስር የሚያቀርብዎ ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው። የሚያነሡት ሐሳብ እንዳይጠፋብዎ ሦስት አራት መስመር በወረቀት ጽፈው መያዝ ነውር አይደለም፤ ቀኖቹንና የገንዘቡን መጠን ከዚያ እያዩ ይንገሩ። ስለ ወዳጅነታችሁ ታሪክ፣ ስለ ልጆቿ ክርስትና፣ ስለ ማኅበራችሁ መናገር ቢያምርዎ እንኳ ያቆዩት፤ ዳኛው የሚፈልገው ተበድረዋል ወይ፣ ምን ያህል መለሱ፣ በምን ያስረዳሉ የሚሉትን ሦስት ነገሮች ነው።

በዚያው ቀን ፍርድ ይሰጣል ብለው አይጠብቁ። ብዙውን ጊዜ ፍርድ ቤቱ ጭብጥ ይዞ ለሌላ ቀን ይቀጥራል። ከችሎት ሳይወጡ አስተርጓሚውን ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው፣ ለምንስ ነው፤ ለምስክር ነው፣ ለሰነድ ነው ወይስ ለፍርድ? «ለምስክር» ከተባለ ጎረቤትዎ መጥሪያ እንዲደርሳት ማስደረግ የእርስዎ ሥራ ነው። ፍርዱ በመጨረሻ ባይጥምዎ ይግባኝ የሚቀርበው ፍርዱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀናት ውስጥ ስለሆነ የፍርዱን ግልባጭ በዚያው ሳምንት ያመልክቱ። ቀጠሮውን ግን በቃልዎ አይያዙት፤ በዚያው ቆመው በመጥሪያው ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የችሎቱን ቁጥር ይጻፉ፣ ከዚያም አስተርጓሚው አይቶ ያረጋግጥልዎት።